ቅን ልብና የሠለጠነ እጅ

የንባብ ክፍሎች፦ መዝሙር 78፥70-72፤ ዘዳግም 22፥8፤ ሉቃስ 10፥30-37



እኛ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በተለያዩ ነርሲንግ ሆሞች የምንሠራ ጥቂት አማኞች ነን። አብዛኞቻችን ሲኤንኤ ነን፤ ሁለታችን ደግሞ ነርሶች ነን። ሺፍታችን የተለያየ ስለሆነ አንድ ላይ የምንገናኘው ሐሙስ ማታ በስልክ ጸሎት ነው። አንዱ ከሥራ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጸልያል፤ ሌላው ሊገባ ዩኒፎርሙን እየለበሰ አሜን ይላል። የጸሎት ርእሶቻችን የታወቁ ናቸው፦ የወገብ ሕመም፣ ልጆች፣ የመኖሪያ ወረቀት፣ አገር ቤት ያለ ቤተሰብ። በቅርቡ ግን አንድ ጥያቄ ደጋግሞ መጣብን፦ በእጃችን የተሰጡን አረጋውያን በእርግጥ ደኅና ናቸውን? እኛስ ለዚህ ሥራ እንደሚገባ የተዘጋጀን ነን?

በቤተ ክርስቲያኖቻችን ይህን ሥራ የማያውቅ የለም። አዲስ የመጣ ሰው ምን ልሥራ ሲል "ሲኤንኤ ተማር፣ ቶሎ ሥራ ታገኛለህ" እንለዋለን። ከዚያም እንጨምርና "ሽማግሌ መንከባከብ ነው፤ እኛ ሐበሾች ደግሞ ታላቅን ማክበር በደማችን ነው" እንላለን። ታላቅን ማክበር መልካም ነው፤ ዘሌዋውያን 19፥32ም ያዘናል። ነገር ግን አክብሮት ብቻውን አንድን ሰው ከአልጋ ወደ ዊልቸር በደኅና አያሻግርም። ዛሬ ልናካፍላችሁ የወደድነው ስለዚህ ነው።

1. ርኅራኄ ሳያውቅ ሲቸኩል

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከመካከላችን አንዲት እህት ተረኛ በነበረችበት ቤት የቤተ ክርስቲያን ጎብኚዎች መጡ። ዘመሩ፣ ጸለዩ፣ የብዙ አረጋውያን ፊት በራ። ከጎብኚዎቹ አንዷ በስትሮክ ግማሽ ጎናቸው የደከመ አንድ አባት አጠገብ ተቀመጠች። አባት ጋደም እንዳሉ በእጃቸው ወደ አፋቸው እያመለከቱ ውሃ ጠየቁ። ልቧ ተነካ፤ በብርጭቆ ቀድታ ወደ ከንፈራቸው አስጠጋች።

እህታችን ከበሩ አይታ ፈጥና ገባች። "እህቴ፣ አንድ ጊዜ ቆዪልኝ" ብላ በቀስታ ብርጭቆውን ተቀበለቻት። እኒህ አባት ከስትሮኩ በኋላ የመዋጥ ችግር ነበረባቸው። እንዲህ ላለ ሰው ቀጭን ውሃ በጉሮሮ መውረዱ ቀርቶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ከዚያም የሳንባ ምች ይከተላል፤ በዚያ ዕድሜ የሳንባ ምች ይገድላል። ጎብኚዋ ይህን ስትሰማ ደንግጣ አለቀሰች። እህታችን አጽናናቻት፤ ከዚያም አባትን ቀና አድርጋ አስቀመጠቻቸው፣ ውሃውን በታዘዘላቸው ማወፈሪያ አወፍራ በማንኪያ ጥቂት ጥቂት አጠጣቻቸው። ከጠጡም በኋላ ወዲያው አላስተኛቻቸውም፤ ቀና እንዳሉ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆየቻቸው። አባት ጠጥተው ረኩ።

ሁለቱም ሴቶች እኒህን አባት ወደዋቸዋል። አንዷ ግን ታውቅ ነበር።

ስለ ደጉ ሳምራዊ ስብከት ብዙ ሰምተናል። ጌታ በምሳሌው ውስጥ የሰውየውን እጅ እንዴት እንደሚያሳየን ልብ በሉ። ማዘኑን ተናግሮ አላቆመም፤ ቁስሉ ላይ በዘመኑ የሚታወቀውን ዘይትና የወይን ጠጅ አፈሰሰ፣ አሰረለት፣ አንሥቶ በእንስሳው ላይ አስቀመጠው። በማግስቱ ደግሞ ለእንግዶች ማረፊያው ጠባቂ ገንዘብ ሰጥቶ አደራ አለው። ስለዚያ ጠባቂ የሚሰብክ ብዙም የለም። ሳምራዊው ከሄደ በኋላ ፋሻውን የቀየረው ማን ነው? ሌሊት የቆሰለው ሰው ሲጣራ የተነሣው ማን ነው? በነርሲንግ ሆም የምንሠራ ሰዎች የዚያ ጠባቂ ወገኖች ነን። ቤተሰብ የሚወደውን ሰው በእጃችን ትቶ፣ ከፍሎ፣ አደራ ብሎ ይሄዳል።

2. እግዚአብሔር ከእጅም ይጠይቃል

መዝሙር 78 ሲያበቃ ዳዊት ሕዝቡን እንዴት እንደ ጠበቀ ይናገራል። በዚያ ስፍራ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፦ የልቡ ቅንነትና የእጁ ብልሃት። ዳዊት ቅን ልብ ስለነበረው ብቻ አልተመሰገነም፤ እጁም ሥራውን ያውቅ ነበር። በዘጸአት 31 ደግሞ እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ ሲሞላው፣ የዚያ ሙላት ፍሬ ሆኖ የተጠቀሰው የእጅ ሙያ ነው፦ ወርቅ መሥራት፣ ድንጋይ መቅረጽ፣ እንጨት መጥረብ። እኛ መንፈስ ቅዱስን ከዝማሬና ከትንቢት ጋር ብቻ እናያይዘዋለን። ሰውን ሳያቆስል ማገላበጥ የሚችል እጅም ከእርሱ የሚለመን ጸጋ ነው።

በዚህ አገር ይህን ሥራ ማንም እንዲሁ ገብቶ የማይሠራበት ምክንያት አለው። በነርሲንግ ሆሞች ውስጥ ስለነበረው ቸልተኝነትና በደል ብዙ ከተነገረ በኋላ፣ በ1986 የሕክምና ሊቃውንት ተቋም ሰፊ ጥናት አወጣ፤ በ1987 ኮንግረስ የነርሲንግ ሆም ማሻሻያ ሕግ አጸደቀ። በዚያ ሕግ መሠረት አንድ ረዳት ነርስ ቢያንስ 75 ሰዓት መሠልጠን፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 16 ሰዓት በአሠልጣኝ ፊት በተግባር መሥራት፣ ፈተና ማለፍና በስቴቱ መዝገብ ላይ መመዝገብ አለበት። ከ75 ሰዓት በላይ የሚጠይቁ ስቴቶችም አሉ። ሥራ ከያዘ በኋላም በየዓመቱ ቢያንስ 12 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት ይሰጠዋል።

ሕጉ ሰርተፍኬት ብቻ አይበቃም ይላል። ቤቱ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ በዚያ ቤት የሚኖሩትን አረጋውያን ለመርዳት የሚያስፈልገውን ሙያ በተግባር ማሳየት መቻሉን እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል። እዚያ ያሉት የመዋጥ ችግር ካለባቸው ሠራተኛው መመገብን፣ የመርሳት በሽታ ካለባቸው ከእነርሱ ጋር መነጋገርን፣ በማሽን የሚነሡ ከሆነ ማሽኑን ማወቅ አለበት ማለት ነው። አንዳንዶቻችን ይህን እንደ ቢሮክራሲ እናየው ነበር። መጽሐፍ ቅዱስን ከፍተን ስንመለከተው ግን የእጅ ብልሃት ተብሎ የተጻፈው ይኸው ነው።

3. ያላየነውን አንፈርምም

በሥራ ቦታችን "ኮምፒተንሲ" የምንለው ወረቀት አለ። የሙያዎች ዝርዝር ይኖረዋል፤ ሠራተኛው በአሠልጣኝ ፊት አንድ በአንድ ሠርቶ ያሳያል፣ ከዚያ ሁለቱም ይፈርማሉ። ወረቀቱ መልካም ነው። ነገር ግን የስቴት ተቆጣጣሪዎች ሳያሳውቁ ስለሚመጡ፣ መምጫቸው ደረሰ ተብሎ ሲገመት በአንዳንድ ቤት ሩጫ ይሆናል። ወረቀቱ ይሞላል፤ ሥልጠናው ግን አልተሰጠም።

ከመካከላችን አንዲት እህት ሌሊቱን ሠርታ ጠዋት ልትወጣ ስትል ሱፐርቫይዘሯ እንዲህ ያለ ወረቀት አቀረበችላት። በወሩ ውስጥ የመጣ አዲስ ማንሻ ማሽን ነበር፤ መቆም የማይችሉ ሰዎች በወንፊት መሳይ ጨርቅ ተይዘው ከአልጋ የሚነሡበት ነው። እህታችን ማሽኑን ያየችው ኮሪደር ላይ ቆሞ ብቻ ነው። "እኔን ማንም አላሳየኝም፤ አሳዩኝና ልፈርም" አለች። "ሁሉም ፈርሟል፣ አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው" ተባለች። እርሷም በትሕትና፣ ነገር ግን ሳትወላውል፣ ያንኑ ደገመች።

በሚቀጥለው የሥራ ፕሮግራም ላይ ተጨማሪ ሺፍቶቿ ጠፍተው አገኘች። ምክንያቱን የነገራት የለም። በእነዚያ ሺፍቶች ገንዘብ ነበር አዲስ አበባ ላሉት እናቷ የስኳር መድኃኒት የምትልከው። ሐሙስ ማታ በስልክ ጸሎት ላይ እያለቀሰች ነገረችን። አንድ ወንድም "መፈረም ነበረብሽ፤ እግዚአብሔር ልብሽን ያውቃል" አላት። ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ አንዲት በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡ እናት እንዲህ አሉ፦ "ልጄ፣ ልቧን እግዚአብሔር ያውቃል። ወረቀቱን የሚያነቡት ግን ሰዎች ናቸው። 'ይህች ሴት ታውቃለች' ብለው አምነው አንድ አባት ያሸክሟታል።"

ያ ንግግር ሁላችንንም ያዘን። ፊርማ ምስክርነት ነው። ስለ ሐሰት ምስክርነት የተሰጠው ትእዛዝ (ዘጸአት 20፥16) በፍርድ ቤት ብቻ የሚሠራ መስሎን ከሆነ ተሳስተናል። ሳናይ ስንፈርም የምንመሰክረው በዚያ ማሽን ላይ ሊሰቀሉ ባሉት አባት ላይ ነው። ማንጠልጠያው በትክክል ካልተያያዘ የሚወድቁት እርሳቸው ናቸው።

ያን ወር አዋጥተን ለእናቷ መድኃኒት ላክን። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ የማሽኑ አሠልጣኝ መጣ፤ እህታችንን ጨምሮ የዚያን ፎቅ ሠራተኞች በየተራ አሠራቸው። ሺፍቶቿ ሁሉ አልተመለሱላትም። የእርሷ እምቢታ ማንን ከመውደቅ እንዳዳነ የምናውቀው የለም። ያልወደቀ ሰው ስም በሪፖርት አይጻፍም፤ በእግዚአብሔር ዘንድ ግን የተጻፈ ይመስለናል።

4. የሰገነቱ መከታ

ዘዳግም 22፥8 ብዙ ጊዜ የማይነበብ ትእዛዝ ነው። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ፣ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን እግዚአብሔር ያዛል። በዚያ ዘመን ሰዎች በጣራ ላይ ይቀመጡ፣ ይተኙ ነበር። የሚገርመው፣ ጌታ ማንም እንዳይወድቅ ጸልዩ ብሎ ብቻ አልተዋቸውም፤ ሥሩ አላቸው።

ዛሬ በእኛ ሥራ መከታው ምንድን ነው? ዝቅ ያለ አልጋ ነው። የተቆለፈ የዊልቸር ፍሬን ነው። ሰው ሲራመድ ወገቡ ላይ የሚታሰረው ቀበቶ ነው። እጅ የሚደርስበት ቦታ የተቀመጠ የጥሪ ደወል ነው። ሁለት ሰው ይፈልጋል የተባለን አንሺ ማሽን ብቻን አለመነካት ነው። ራሱን ማገላበጥ የማይችለውን ሰው ብዙ ጊዜ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ነው፤ አጥንት ቆዳን ሲጫን ደም መዘዋወሩን ያቆማል፤ ጅራት አጥንትና ተረከዝ ላይ የሚጀምረው ቁስል ካልተያዘ እስከ አጥንት ይዘልቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ለወገኖቻችን እንንገር። ቁስሉ ሲጀምር ቆዳ ይቀላል ይባላል፤ እንደ እኛ ባለ ጠየም ያለ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ በዓይን ላይለይ ይችላል። ስለዚህ በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል፦ ከሌላው ቦታ የሞቀ፣ የጠጠረ ወይም የለሰለሰ እንደሆነ። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ የእናታችንን ቁስል ዘግይቶ ነው የሚያገኘው።

ነገር ግን ትእዛዙ ለማን እንደ ተሰጠ ደግመን እናንብብ። ለቤቱ ባለቤት ነው። ከእኛ አንዳንዶቹ በሌሊት ሺፍት ብቻቸውን 15 አረጋውያን ደርሷቸው ያውቃል። ከ15ቱ 12ቱ በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ ቢኖርባቸውና ለእያንዳንዳቸው 10 ደቂቃ ቢወስድ 120 ደቂቃ ነው፤ ሁለቱ ሰዓት አለቀ። ሽንት ቤት የሚሄደውን፣ ደወል የሚደውለውን፣ ፈርቶ የሚጣራውን ማን ይድረስለት? የሠለጠነ እጅም ከሁለት አይበልጥም።

በ2024 የፌደራሉ መንግሥት ለእያንዳንዱ ነዋሪ በቀን ቢያንስ 3.48 ሰዓት የነርሶችና የረዳቶች አገልግሎት እንዲመደብ ደንብ አውጥቶ ነበር። በ2025 በቴክሳስ ያለ የፌደራል ፍርድ ቤት ሻረው። ባለቤቶች ሠራተኛ ከየት እናመጣለን ብለው ነበር፤ ጥያቄው ባዶ አይደለም። የቀድሞው ሕግ ቤቶች "በቂ" ሠራተኛ እንዲኖራቸው ማዘዙ ግን አልቀረም። በቂ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዚያ ኮሪደር የቆመ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ የሠራተኛን ብቃት ስንጠይቅ የሠራተኛውን ጫንቃ ብቻ አንይ፤ ቤቱን የሠራው መከታውን ሠርቷልን ብለንም እንጠይቅ።

5. መስማትም ሙያ ነው

በአንድ ቤት የመርሳት በሽታ ያለባቸው አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ነበሩ። እንግሊዝኛቸው ከሕመሙ ጋር ጠፍቷል። ሲታጠቡ ይጮኻሉ፣ እጃቸውን ይሰነዝራሉ ተብሎ ተጽፎባቸው፣ ማረጋጊያ መድኃኒት እንዲጨመርላቸው ታስቦ ነበር። ከእኛ አንዷ ከሌላ ፎቅ ለመተካት ሄዳ ድምፃቸውን ሰማች። "ኧረ ነውር ነው! ልብሴን መልሱልኝ፣ ወንድ ቆሞ እያየኝ!" ይሉ ነበር። የሚያጥባቸው ሠራተኛ ወንድ ነበር፤ ትሑትና ታታሪ ልጅ ነው፣ ቃሉን ግን አልሰማውም።

እህታችን ለነርሷ አስረዳች፤ ነርሷም የእንክብካቤ ዕቅዱ እንዲስተካከል አደረገች። ከዚያ በኋላ ሴት ብቻ እንድታጥባቸው፣ ሲታጠቡም የሚታጠበው ክፍል ብቻ ተገልጦ ሌላው በነጠላቸው እንዲሸፈን ሆነ። ጩኸቱ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ሕመሙ አለና። ነገር ግን ቀነሰ፤ መድኃኒቱም ሳይጨመር ቀረ። ለሠራተኛ ምቾት ሲባል ሰውን በመድኃኒት ማደንዘዝ ሕጉም ይከለክላል።

6. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለሥራ ባልደረቦቻችን፦ የማታውቁትን "አላውቅም፣ አሳዩኝ" ማለት ውርደት አይደለም። የኢንሰርቪስ ትምህርቱን ቪዲዮውን ከፍቶ ስልክ በማውራት አታሳልፉት። በደል ከጠረጠራችሁ ዝም አትበሉ፤ ጥቃት ወይም ከባድ ጉዳት ከሆነ ሕጉ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሪፖርት እንዲደረግ ያዛል። ደግሞም ደብል ላይ ደብል እየሠራ የደከመ እጅ፣ ቢሠለጥንም ይስታል። ዕረፍትን ያዘዘው ጌታ ነው።

ለቤተሰቦች፦ እናትን ነርሲንግ ሆም ማስገባት መጣል አይደለም፤ አስገብቶ መርሳት ግን መጣል ነው። ከመምረጣችሁ በፊት በሜዲኬር ድረ ገጽ ላይ የቤቱን ደረጃ ተመልከቱ፤ የመጨረሻውን የቁጥጥር ሪፖርት ቤቱ ውስጥ ጠይቃችሁ አንብቡ፤ ማንበብ መብታችሁ ነው። በምግብ ሰዓት፣ በምሽትና በቅዳሜ እሑድ ሂዱ። "ስንት ሰው ለስንት ሰው ተመድቧል? እናቴን የምታነሣው ልጅ በዚህ ማሽን ሠልጥናለች?" ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ካልተሰማችሁ በየስቴቱ ኦምቡድስማን አለ፤ በአገራችን እንባ ጠባቂ የምንለው ነው። ስልኩ በየቤቱ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት።

ለአብያተ ክርስቲያናት፦ ጉብኝታችሁን አታቋርጡ፤ አረጋውያኑ ቀኑን ይቆጥራሉ። ዳቦም ሻይም ከመስጠታችሁ በፊት ግን ነርሷን ጠይቁ። እውነት በመናገሩ ሺፍት የተቀነሰበት ወገን ቢኖር፣ "እንጸልይልሃለን" ብላችሁ ብቻ አታሰናብቱት።

ጌታን ገና ለምትፈልጉ ወዳጆች ደግሞ ይህን እንላለን። የምናመልከው ኢየሱስ ፎጣ ታጥቆ፣ ውሃ በመታጠቢያ ቀድቶ የሰዎችን እግር ያጠበ ጌታ ነው (ዮሐንስ 13)። ለጴጥሮስም በሸመገለ ጊዜ እጁን እንደሚዘረጋና ሌላ ሰው እንደሚያስታጥቀው ነግሮታል (ዮሐንስ 21፥18)። ጌታ ይህን የተናገረው ጴጥሮስ ስለሚሞትበት ሞት ነበር። እኛ ግን ጠዋት ጠዋት የአንድን አባት እጅ በሸሚዝ እጅጌ ውስጥ ስናስገባ ያ ቃል ትዝ ይለናል፤ ዕድሜ ቢሰጠን የእኛም እጅ አንድ ቀን እንዲሁ ይዘረጋልና። በዚያ ቀን የሚያስታጥቀን ሰው ቅን ልብ እንዲኖረው እንመኛለን፤ ሥራውንም እንዲያውቅ።

እንጸልይ፦

አባት ሆይ፣ ዛሬ ሌሊት በየኮሪደሩ ለሚተጉ ሠራተኞች ብርታት ስጥ። የሚያሠለጥናቸውን ሰው፣ የሚማሩበትንም ጊዜ አዘጋጅላቸው። ቤቶቹን ለያዙት ባለቤቶች መከታውን የሚሠራ ፍርሃትህን ስጣቸው። ድምፃቸው ያልተሰማላቸውን አባቶችና እናቶች አንተ ስማቸው፤ የሚሰማም ጆሮ ላክላቸው። ልባችንን አቅና፣ እጃችንን አስተምር። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።